ጆሮ የሌለው ስልክ

ገዳዩ በሩን ገርበብ አድርጎ ነው የሄደው፤ ከውጭ ላየው ሰው ዓብዱልመጂድ ከምሳ በኋላ ሸለብ ያደረገው ነው የሚመስለው። ዘይናም የመሰላት እንደዚያው ነው። ከሱቁ ፊት ለፊት ሳምቡሳ የምትጠብስ ሴት ናት። የዐስር ሶላት ተሰግዶ ሰዉ ከመስጊድ ሲመለስ እሱን ስታጣው ሄዳ በሩን ገፋችው። ጩኸቷን የሰማ የከሚሴ መናኸሪያ ሰው ሁሉ ሱቁ ውስጥ ገባ። እኛ የደረስነው ከዚያ ሁሉ እግር በኋላ ነው፤ ስለ ዱካ አትጠይቁኝ።

ባንተይርጋ እባላለሁ፤ የወንጀል መርማሪ ኢንስፔክተር ነኝ። ማክሰኞ ነበር፣ ነሐሴ አጋማሽ፣ ደመናው ሦስት ቀን ሙሉ አልተገለጠም።

ዓብዱልመጂድ ሞባይል ሠሪ ነው። ርካሽ የቻይና ስልኮችም ይሸጣል። በሥራ ጠረጴዛውና በግድግዳው መሃል ተደፍቷል፤ ከኋላ አናቱን አንዴ ተመትቷል። በሩን ከውስጥ የሚዘጋበት የብረት መቀርቀሪያ ከቦታው የለም። ቆሜ አየሁት፤ ምንም አልተሰማኝም። ልኮራ አይደለም ይህን የምለው። ባለቤቴ ስመኝ ከሞተች አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆኗል፤ ከዚያ ወዲህ የምበላው አይጣፍጠኝም፣ ዝናብ ቢመታኝም አልሮጥም። ቀብሯ ላይ እንኳ አላለቀስኩም፤ ሰው ታዝቦኛል።

ፎቶ ላነሳ ስልኬን አወጣሁ። «በቂ ቦታ የለም» አለኝ።

«ዛሬም?» አለች ሳጅን ከውሰር። የሥራ ባልደረባዬ ናት፣ ወጣት፣ ፈጣን። በራሷ ስልክ ማንሳት ጀመረች። «ኢንስፔክተር፣ ያቺን ቪዲዮ ወደ ሚሞሪ ካርድ ላዛውርልዎት አላልኩም?»

«ነገ» አልኳት።

ስልኩ የስመኝ ነው። ከስልክ ሁሉ ርካሹ፤ ሁለት ነገር ከጫንክበት ይደነዝዛል። ውስጡ አንዲት ቪዲዮ ብቻ ናት ያለችው፤ አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ። ስመኝ ሆስፒታል ተኝታ የነበራትን ፎቶ ሁሉ፣ የሠርጋችንን ሳይቀር፣ አጥፍታ ለእሷ ቦታ አስለቀቀች። ከሞተች በኋላ ነው ያገኘኋት። እስከ ዛሬ አልከፈትኳትም። ነገ እያልኩ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ለጥገና ከመጡት ስልኮች አንዱ በርቷል፤ 10:47 ይላል። የኔ 4:47 ይላል። የተበላሸ ስልክ ነው ብዬ አለፍኩት።

መጀመሪያ ዘይናን ጠየቅኋት።

«ዙሁር ሰግዶ ሲመለስ አይቼዋለሁ። ሰባት ሰዓት ግድም ነው። ከዚያ ሽንኩርት ልገዛ ገበያ ወረድኩ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተመለስኩ።»

«የተጣላው ሰው ነበር?»

«ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንድ የጨፋ ልጅ መጥቶ ሲጮህበት ነበር። ሪድዋን ይባላል፤ አራሽ ነው። ‹ይሄን ስልክ አናትህ ላይ ነው የምሰብረው!› ሲለው ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።»

ጻፍኩ። ዘይና ግን አልጨረሰችም ነበር። «ዓብዱልመጂድ እኮ ሳቀበት። እሱ መቼ ሰው ይቆጣል! ሠርቶ ሰጠውና ሰላም ተባብለው ተለያዩ» አለች። ይህን አልጻፍኩትም። ብዕሬን አስቀምጬ ነበር።

ጎን ካለው ሱቅ ከቨርና ቻርጀር የሚሸጠው ሙስዐብ ነው። ዓይኑ ቀልቷል። «ወንድሜ ማለት ነበር» አለኝ።

«ከምሳ በኋላ ማን ገባ?»

«በጠዋቱ ጠብ እኔ አልነበርኩም፣ ሰዎች ናቸው የነገሩኝ። ስምንት ሰዓት ላይ ግን ሪድዋን ከሱቁ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ እያወራ ነበር። ግራ ቀኝ ሳያይ ወደ አስፋልቱ ሄደ።»

«ምን እያለ?»

«ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። አልሰማሁም፣ ወላሂ።»

ከውሰር ያንኑ ምሽት ሪድዋንን ከመንደሩ ይዛው መጣች። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ እግሩ ላይ የማሳ ጭቃ አለ።

«አዎ ጮሄበታለሁ» አለ። «እኔና እናቴ ያለን አንድ ስልክ ነው። እሱ የሸጠልን ስልክ ነው። አንዴ ይሄ፣ አንዴ ያ ይበላሻል። ሰው ይናደዳል እኮ! ግን ሠራልኝ። አራት ሰዓት ሳይሞላ መኪና ተሳፍሬ ገባሁ።»

«ስምንት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«ቤት! ላማችን ወለደች። ጥጃዋን በረት ውስጥ በስልኩ አነሳኋት። ለሳጅን አሳይቻታለሁ፤ ስልኩ ራሱ ስምንት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ይላል።»

ከውሰርን አየኋት።

«ይላል» አለች። «አጠገቡ ግን ኤኤም የሚል አለ። በፈረንጅ ስምንት ነው፤ በኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአሥራ ሁለት። ጥጃዋን አንስቶ ነው ለጠብ የመጣው።»

«ምናልባት የስልክህ ሰዓት ተዛብቶ ይሆን?» አልኩት። ማምለጫ መስጠቴ ነበር።

ልጁ ደረቱን ነፋ። «በፍጹም! ሰዓቱ ልክ ነው። ያን ጠዋት ዓብዱልመጂድ ራሱ ነው ያስተካከለው።»

በራሱ አንደበት አሰረው። የጠዋት ፎቶ አሳይቶ የከሰዓት ነው የሚል ሰው ምን ይባላል? ጎረቤቶቹ ማሳ ስለዋሉ ጥጃዋን ያዩት በማግስቱ ነው፤ በረት ውስጥ ብዥ ብላ የተነሳች ፎቶ ላይ ፀሐይ አይታይም። ቤት ነበር የምትለው እናቱ ብቻ ናት፤ እናት ደግሞ ምን ልትል?

«ስልኩስ የታለ?» አልኳት ከውሰርን ኋላ።

«እናቱ ቁርአን የሚሰሙበት ሌላ የላቸውም። ዝርዝሩን ጻፍኩና ተውኩላቸው። ለእሱ ያልጠቀመ ለኛ ምን ይሠራል?»

«ይሁን» አልኳት። ያን ሰሞን ለሁሉም ነገር መልሴ ይሁን ነበር።

ረቡዕ አንድ ሌላ መንገድ ሞከርን። ዓብዱልመጂድ መጨረሻ የደወለው አብዱልጀባር ለሚባል ከብት ነጋዴ ነው። አስጠራነው። ከወር በፊት ትልቅ ስልኩ ተሰርቆበታል።

«‹ስልክህን አግኝቼዋለሁ፣ ሐሙስ መጥተህ ውሰድ› አለኝ» አለ። «ማን አመጣው ስለው፣ ‹እሱን ተወው፤ የማውቀው ሰው ነው፣ ራሴ አናግረዋለሁ› አለ።»

«ማክሰኞ የት ዋልክ?»

«ሰንበቴ ገበያ። ስድስት ሰንጋ ነው የገዛሁት፤ ሻጮቹን ጥራቸው።»

ጠራናቸው፤ እውነቱን ነው። የተሰረቀው ስልክ ዓብዱልመጂድ ሱቅ ውስጥ የለም። ይህንንም ጻፍኩና መዝገቡን ዘጋሁ። ከውሰር አስከሬኑን ተከትላ ደሴ ሄደች። ዐቃቤ ሕጉ ብሩክ ደወለ።

«አርባ ስምንት ሰዓቱ ሐሙስ ማታ ይሞላል። ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት አቀርበዋለሁ። የዓይን ምስክር አለህ፣ ዛቻ አለህ፣ የሐሰት ፎቶ አለህ። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?»

«ምንም» አልኩት። የሪድዋንን ስልክ የጥሪ መዝገብ ለማስወጣት ትዕዛዝ ማጻፍና ሳምንታት መጠበቅ ነው። ልጁ በዚህ ማስረጃ ዕድሜ ልክ ይፈረድበታል፤ እናቱ ሌላ ልጅ የላትም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እንቅልፍ ግን አልነሳኝም።

ሐሙስ ጠዋት ሪድዋን በፍርግርጉ በኩል ጠራኝ።

«ጋሼ፣ ከመሄዴ በፊት እናቴን በድምፅ ልሰናበታት።»

ስልኬን ሰጠሁት። ቁጥሩን በቃሉ ደወለ፤ ከዚያ ስልኩን አገጩ ሥር በመዳፉ ዘርግቶ ያዘውና መጮህ ጀመረ። «ሀሎ! እማ! ሀሎ!»

«ጆሮህ ላይ አድርገው እንጂ» አልኩት።

«ኧረ፣ ለካ ያንተ ጆሮ አለው!» ብሎ አፈረ። «የኛ ጆሮ የለውም። ከተገዛ ጀምሮ ተናጋሪው ሞቷል፤ በላውድ ካልሆነ ምንም አይሰማም። ማክሰኞም ያጣላን እሱ ነው። ዕቃው ሲመጣ እቀይርልሃለሁ አለኝ፤ አልደረሰለትም።»

መዝገቡ ላይ በራሴ እጅ የጻፍኩት ታየኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሪድዋን ላውዱን ሲከፍተው የእናቱ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ሀዲጃ ይባላሉ።

«ልጄ! ፈያዳ? በላህ እንዴ? መቱህ እንዴ?»

«ደህና ነኝ እማ። ዱዓ አድርጊ።»

«ስልኩ ሊዘጋብኝ ነው ልጄ። ደመና ነው፣ የፀሐይ መብራቷ አልሞላ አለች። ሦስት ቀን ጠብቄ አቆየሁት። ከተዘጋ ሰዓቴ ይጠፋል! ሰዓቴን የሚመልስልኝ ደግሞ አፈር ገባ፣ አላህ ይዘንለት።»

ስልኩን ከልጁ እጅ ወሰድኩ።

«እናቴ፣ ፖሊሱ ነኝ። አሁን ስልክዎ ስንት ሰዓት ይላል?»

«እ? ሦስት ከሃያ ሁለት ነዋ።»

የኔን አየሁት። 9:22።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚለው?»

«ታዲያ እንዴት ይበል? ዓብዱልመጂድ ለኛ ለባላገሮቹ ሲሸጥ ሰዓቱን በኛው አድርጎ ነው የሚሰጠን፤ ዙሁር ሲደርስ ስድስት ተኩል እንዲል። ከተዘጋ ግን ወደዚያ ወደ እብዱ ሰዓት ይመለሳል። ማክሰኞ ለታ ሪድዋንን የላክሁት ለእሱም ጭምር ነው።»

ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው የሚያዞርላቸው። ኤኤሙን ግን አይነካውም፤ ማንም አያየውማ። ስለዚህ የሀዲጃ ስልክ ቀን በስምንት ሰዓት ስምንት ይላል፣ ጠዋት ነው ብሎ። ማክሰኞ ጠረጴዛው ላይ 10:47 ሲል ያየሁትም ስልክ የሌላ ባልቴት ነበር፤ ደህና ስልክ ነበር። እኔ ነኝ የተበላሸሁት።

«እናቴ፣ እንዳይነኩት! ጥጃዋን እንኳ እንዳያዩ። መጣሁ።»

የጣቢያውን ሞተር ይዤ ወጣሁ። ከጨፋ ሮቢት በኋላ አስፋልቱን ትቶ ወደ ቦርከና የሚወርደው መንገድ ጭቃ ነው፤ ሁለት ቦታ ወደቅሁ። ማሽላው ጉልበት ደርሷል። መንደሩ ውስጥ ከሴትና ከልጅ በቀር ሰው የለም፤ ወንዱ ሁሉ አረም ላይ ነው።

ሀዲጃ ደጃፍ ላይ ቆመው ስልኩን እንደ እንቁላል በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ባትሪው አብጦ ጀርባው በላስቲክ ታስሯል። ሁለት በመቶ።

ፎቶውን ከፍቼ ዝርዝሩን አወጣሁ። ጥጃዋ፤ ማክሰኞ፣ 8:12 ኤኤም። ከላይ ጥጉ ላይ ሰዓቱ 4:05 ይላል። በእውነቱ የፈረንጁ 10:05 ነው። አሁን ይህን ስክሪን በኔ ስልክ ባነሳው ሁለቱ ሰዓቶች፣ የስክሪኑና የኔ ፎቶ የተነሳበት፣ ጎን ለጎን ይመሰክራሉ፤ ብሩክም ፍርድ ቤቱም በዓይናቸው ያያሉ። ከጠፋ ግን የሚቀረው የእናትዬው ቃልና የኔ ወሬ ነው። አሥር ሰዓት ላይ ልጁ ዳኛ ፊት ይቆማል።

ካሜራዬን ነካሁ። «በቂ ቦታ የለም።»

«ጎረቤት ካሜራ ያለው ስልክ አለ?»

«ማሳ ነው ሰዉ ሁሉ። ምነው ልጄ?»

አንድ በመቶ ሆነ።

አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ነው፤ ልያት ብል ጊዜ የለም። ጣቴን ቪዲዮዋ ላይ አሳረፍኩ። የሚታየው የሆስፒታሉ አንሶላና የስመኝ ግማሽ ፊት ነው፤ አፏን ልትከፍት ስትል። ስልኩ «ይጥፋ?» ብሎ ጠየቀኝ። ይሁን አልኩት።

ፎቶውን አነሳሁ። ደግሜም አነሳሁ፤ አሁን ቦታ አለ። የሀዲጃ ስልክ ትንሽ ዜማ ተጫውቶ በእጄ ላይ ጠፋ።

«ሰዓቴ!» አሉ።

ስምንት ሰዓት ላይ ሙስዐብን ጣቢያ አስቀመጥኩት። የሀዲጃን ስልክ ቻርጀር ላይ ሰክቼ አበራሁና ሰጠሁት።

«ማክሰኞ ሪድዋን ሲወጣ ስልኩን እንዴት ነበር የያዘው? አሳየኝ።»

ጆሮው ላይ ለጠፈው። «እንዲህ።»

«እንዳትነሳ። እደውልልሃለሁ፤ አንሳና ስማኝ።»

ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ ደወልኩ። አነሳ። «ሙስዐብ፣ የአብዱልጀባር ስልክ የት ነው?» አልኩት። ተመለስኩ። ስልኩ ጆሮው ላይ ነው፤ ፊቱ ላይ ምንም የለም።

«ምን አልኩህ?»

«ምንም አልሰማሁም። ስልኩ አይሠራም እንዴ?»

«ይሄ የሪድዋን ስልክ ነው። ሌላ የለውም። ከተገዛ ጀምሮ በጆሮ አውርቶበት አያውቅም። ስምንት ሰዓት ላይ ደግሞ ልጁ በረት ውስጥ ጥጃ እያነሳ ነበር፤ ፎቶው እዚህ አለ። አንተ ያየኸው ማንን ነው?»

ስልኩን ከጆሮው አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ሱቅህ አሁን እየተፈተሸ ነው» አልኩት። «የጠየቅሁህን ልድገምልህ?»

«ጣሪያው ሥር ነው» አለ። «መቀርቀሪያውም።»

የተሰረቁ ስልኮች እየገዛ ይሸጥ ነበር። የአብዱልጀባርንም የይለፍ ቁጥሩን ክፈትልኝ ብሎ ለዓብዱልመጂድ የሰጠው እሱ ነው። ዓብዱልመጂድ ከፈተና የባለቤቱን ፎቶ አየ።

«‹ለባለቤቱ እመልሳለሁ፣ አንተም አፉ በለኝ ብለህ ለምነው፤ ከዚያ ይበቃሃል› አለኝ። እንዳይናገርብኝ እሱን ራሱን ለመንኩት። ሳቀብኝና ጀርባውን ሰጥቶኝ ሥራውን ቀጠለ። ሰው እንዲያውቅ አልፈለግሁም። አባቴ እኮ ሐጂ ናቸው።»

«ወንድሜ ማለት ነበር ያልከው ውሸት ነው?»

«እሱ እንኳ እውነት ነው» አለና አለቀሰ። እኔ ጻፍኩ።

ብሩክ ሁለቱን ፎቶ አየ፣ የሰዓቱን ልዩነት በጣቱ ቆጠረ፣ መዝገቡን ገለበጠው። ሪድዋን ከመግሪብ ሶላት በፊት ተፈታ። ከደሴ የተመለሰችው ከውሰር አንገቷን ደፍታ ቆማ ነበር፤ ስልኩን ሳልይዝ የተውኩት እኔ ነኝ አለች። ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ አልኳት።

በሳምንቱ ሀዲጃ ጣቢያ መጡ፤ ስልኩን በነጠላቸው ጠቅልለው።

«ሰዓቴን መልስልኝ። ያንን ማንም አይሠራልኝም።»

ተቀበልኳቸው። 9:40 ይላል። ቅንብሩን ስፈልግ እሳቸው ከጎኔ ተቀምጠው ያዩኛል።

«ያን ቀን ከስልክህ አንድ ነገር ስታጠፋ አይቻለሁ። እጅህ ይንቀጠቀጥ ነበር። የማን ነበር?»

እጄ መንቀጥቀጡን አላወቅሁም ነበር።

«የሚስቴ። ሞታለች። ድምጿን ትታልኝ ነበር።»

«ያ አላህ! ምን ትልሃለች?»

«አላውቅም። አላየሁትም።»

ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ሀዲጃ እጄን ያዙኝ፤ መዳፋቸው ሸካራ ነው፣ ሞቃት ነው። መሞቁ ተሰማኝ። ከዚያ ከደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ተነሳና ጠረጴዛው ላይ ደፋኝ፤ ከውሰር በሩን ዘግታ ወጣች፤ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቅሁ። ስመኝን አለቀስኳት። ዓብዱልመጂድንም አብሬ።

«አብሽር ልጄ፣ አብሽር» ይሉኛል። ዝም እስክል ጠበቁኝ፤ በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉኝ።

«በል እንግዲህ» አሉ ኋላ፣ «ሰዓቱን እንዳትረሳው።»

ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ አዞርኩላቸው። 3:52 አለ። ኤኤሙንም ፒኤም አደረግሁት፤ ከሰዓት የተነሳ ፎቶ ዳግም የጠዋት ነው እንዳይባል።